ሜርኩሪ ያለበት ጭቃ

ከብት ማርባት ከተከለከለ ወዲህ አገሩ ሁሉ የሚበላው የባሕር ዓሣ ነው። የትርሲት ሥራ ድሮ የባሕር ወለል የነበረ ድንጋይ መመርመር ነበር። በድንጋዩ መካከል ሜርኩሪ የበዛበት ጥቁር ንጣፍ አለ፤ ከሱ በታች ዛጎል ሞልቷል፣ ከሱ በላይ ግን አንድም የለም፤ መርዙ ያኔ የባሕሩን ሕይወት ጨርሶታል።

በጥር ወር ለማነጻጸር ከዛሬው ባሕር ወለል የመጣው ጭቃ ያንኑ ያህል ሜርኩሪ አሳየ።

«መሣሪያው ተሳስቷል፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አሏት አለቃዋ ዶክተር ይልቃል። ሦስት ጊዜ ፈተሸችው፤ መሣሪያው ደህና ነው። ሆኖም አስተማሪዋ ስለነበሩ ከራሷ ይልቅ እሳቸውን አምና ለማንም አልተናገረችም።

በግንቦት ምሳ ጋበዟት። ባዶ እጇን ላለመሄድ የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ሄደች። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ በር ላይ ስመው ተቀበሏትና ዕቃውን ሲከፍቱ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው እትዬ?»

«ከጥር ወዲህ ዓሣ እዚህ ቤት እንዳይገባ ከልክሎኛል፣ ልጄ። ለምን ስለው አይመልስልኝም።»

ዶክተሩ ከሳሎን ብቅ አሉ። «ግቢ እንጂ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ።»

ትርሲት አየቻቸው። «ይቅርታ፣ አልገባም» አለች። «እናቴ ይኼኔ ዓሣ እየጠበሰች ነው።»

ታክሲ ውስጥ መጀመሪያ ለእናቷ ደወለች። ከዚያ የጭቃውን ውጤት ለምታውቃቸው ጋዜጠኞች ሁሉ ላከች።