በአማርኛ የተነገረ ቁጥር

አዜብ የመታቻት ኳስ ነፋሱን ሰንጥቃ ትሄድና ባንዲራው አጠገብ ታርፋለች። ከገመዱ ውጭ የቆመው ሕዝብ ያጨበጭባል። ቦርሳዋን የሚሸከምላት አባቷ ወልደአማኑኤል የመለሰችለትን ዱላ በፎጣ ጠራርጎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። በዚህ ትልቅ የሴቶች የጎልፍ ሻምፒዮና ብዙ ምት የተቆጠረባቸው ግማሾቹ ተጫዋቾች ዛሬ ማታ ይሰናበታሉ። አዜብ እስካሁን ከሚቀሩት ውስጥ ናት፤ ለስሕተት ያላት ትርፍ ግን አንድ ምት ብቻ ነው።

አሁን ተራው አብራት የምትጫወተው የስዊድናዊቷ ነው። የእሷን ቦርሳ የሚሸከመው የክሬጊበርን ሰፈሩ የአገር ልጅ ስዩም ነው፤ በዚሁ ሜዳ ሣር እያጨደ የሚኖር ሰው። የራሷ ተሸካሚ ስለታመመ ለዚህ ሳምንት ብቻ ቀጥራዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ የተሳሳተ ዱላ መርጦላታል። በሁለተኛው ላይ፣ አንዴ ከደገመ ቦርሳዋን አስቀምጦ እንዲሄድ በሰው ፊት ነግራዋለች።

ስዩም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

«ጋሼ ወልዴ፣ በስንት ቁጥር ዱላ መታቻት?» ይላል ቀና ሳይል።

«በሰባት። ከላይ ነፋስ አለ ወንድሜ፣ እንዳያታልልህ።»

ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። ስለ ዱላ ለማንም እንዳይናገር አዜብ ስንቴ ነግራዋለች። መናገርም መጠየቅም ቅጣቱ በውጤት ላይ የሚደመር ሁለት ምት ነው፤ የምትቀጣውም ተሸካሚው ሳይሆን ተጫዋቿ ናት። እሱም ለፈረንጆቹ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጋሼ ብሎ ለጠየቀ የአገር ልጅ መልስ መንፈግን ግን አልለመደም። ደግሞስ ማን ሰማ? እዚህ ሜዳ ላይ ከእነሱ በቀር አማርኛ የሚያውቅ የለም።

አዜብ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። እጇ ይቆማል።

ስዊድናዊቷ በሰባት ቁጥር ትመታለች። ኳሷ ከአዜብ ኳስ ብዙም ሳትርቅ ታርፋለች። ስዩም በረጅሙ ይተነፍሳል። ሁሉም መራመድ ሲጀምሩ አዜብ ካለችበት አትነቃነቅም፤ እጇን ከፍ አድርጋ ዳኛዋን ትጠራለች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» ይላታል አባቷ በሹክሹክታ።

ቁጥሩን ነግረኸዋል፣ ትለዋለች በእንግሊዝኛ።

«በሁለት ምት እኮ ውጭ ነሽ። ሰው ከሰው ቢነጋገር ምን አለበት? ማን ሰማን?»

አሁን ወደ አማርኛ ትመለሳለች። «እኔ ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

ሊቆጣት ይፈልጋል። ገና ዱላው በቁመት ከሚበልጣት ጊዜ ጀምሮ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ ሜዳ ለሜዳ ያዞራት እሱ ነው። የፍሌሚንግተን ጎረቤቶቹ፣ ከአገር የወጣነው እኮ ዱላ ይዘን ሣር ለሣር ላለመዞር ነበር እያሉ ሲስቁበት ችሎ ኖሯል። ነገ ቅዳሜ በቴሌቪዥን እንደሚያዩዋት ለሁሉም ነግሯቸዋል። ይህን ለማለት ጊዜ አያገኝም፤ የዳኛዋ ትንሽ መኪና አጠገባቸው ትቆማለች።

ዳኛዋ ሽበታም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አዜብ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አባቷ ለሌላው ተሸካሚ የዱላውን ቁጥር እንደነገረው ታስረዳለች። ስዩም ጠየቀው አትልም። ዳኛዋ ወደ ወልደአማኑኤል ዞራ እውነት መሆኑን ትጠይቀዋለች።

ልጁን አያያትም።

«ሰላምታ ብቻ» ይላል በእንግሊዝኛ።

በስዩም ተማምኗል። እሱና ስዩም አንድ ቃል ከተናገሩ የአዜብ ቃል ብቻውን ይቀራል። ሁለቱም ተጫዋቾች ይተርፋሉ፤ ነገሩ እዚሁ ሣር ላይ ይቀራል።

ዳኛዋ ስዩምን ትጠይቃለች። ስዩም መጀመሪያ አሠሪውን ያያታል። ስዊድናዊቷ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች።

«ቁጥሩን እሱ ነው የነገረኝ» ይላል ስዩም። «እኔ አልጠየቅሁትም።»

ዳኛዋ ቀስ ብላ ወደ ወልደአማኑኤል ትዞራለች። የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ ዱላው ሳይሆን ስለ ውሸቱ እንደሚሆን ያውቃል።

አዜብ ትቀድማለች። አባቷ እንግሊዝኛ ብዙም እንደማይሰማ፣ ጥያቄውም እንዳልገባው ለዳኛዋ ትነግራታለች።

ወልደአማኑኤል በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ትራም ነድቷል። ሰክረው የተደባደቡ ተሳፋሪዎችን አስታርቋል፤ በሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቶ ከአለቆች ጋር ተከራክሯል። እሷን ራሷን ኤቢሲዲ ያስቆጠራት እሱ ነው። አፉን ይከፍታል። አዜብ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ታየዋለች። አፉን መልሶ ይዘጋል።

የዳኛዋ ፊት ይለሰልሳል። ጠጋ ትለውና፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ቃላቱን እየነጣጠለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታስረዳዋለች። ተሸካሚ ለሌላ ተጫዋች ምክር አይሰጥም። ስለዚህ ልጅህ ትቀጣለች። ሁለት ምት። እንዲገባው ብላ ሁለት ጣቶቿን ፊቱ ላይ ታቆማለች።

ወልደአማኑኤል ጣቶቹን ያያል። ከዚያ፣ ነገሩ ገና አሁን እንደገባው ሰው፣ በእሺታ ራሱን ደጋግሞ ይነቀንቃል።