የሸክላዋ ቤት በር

ልጄ ናይራ ከጠፋች ሦስተኛ ወሯ ነበር። የመንግሥታችን መቀመጫ የሆነችውን ላ ፓዝን መጀመሪያ ያየሁት እሷን ፍለጋ ስመጣ ነው። ከአውቶቡሱ ቁልቁል ሳይ፣ ገደሉ ላይ የተደራረቡት ቤቶች መጫወቻ መሰሉኝ። ከየትኛው ልጀምር?

የአላሲታስ ገበያ ቀን ነበር፤ የምትመኘውን ነገር በትንሹ የተሠራ ምስል ገዝተህ ልክ በቀኑ ስድስት ሰዓት ካስባረክኸው፣ በትልቁ ታገኘዋለህ።

«ልጄን የምትመስል አሻንጉሊት የለሽም?» አልኳት አንዷን ሻጭ።

«አሻንጉሊት አልቋል፣ አባቴ። ቤት ውሰድ፤ ቤት ካለ ልጅ የት ትሄዳለች?» ብላ ሳቀች።

መዳፌ ላይ የምታርፍ የሸክላ ቤት ገዛሁ። የስድስት ሰዓቱ ደወል ሲደወል ሻጯ ለቡራኬ አበባ በተነችባት፤ እኔም የልጄን ስም ጠራሁ።

ከቤቷ ውስጥ ተንኳኳ።

«አባዬ፣ መጣሁ እኮ» አለች ናይራ። «ጨለማ ነው፤ በሩን ክፈትልኝ።»

በጥፍሬ ብፍቀው ብፍቀው፣ በሩ በቀለም የተሳለ ብቻ ነው።