የባለሉካንዳው እህት

ሚሲዮናዊቷ ገና ወጣት ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ባሕር አሻግራ ከላከቻት መንፈቅ አልሞላትም። ሥራዋ በር ማንኳኳት ነው። አንዱ በሩን ይዘጋባታል፤ ሌላው ውሻ ይለቅባታል፤ አንዷ ደግሞ ሳሙና የምታዞር መስሏት ዋጋ ትጠይቃታለች። የሰፈሩ ሰው «ኳኳ» የሚል ስም አውጥቶላታል።

አብራት የምትኖረውና የምታገለግለው ባልደረባዋ በዕድሜም በአገልግሎትም ስለምትበልጣት «ታላቋ» ትባላለች። ሰኞ ሰኞ እረፍታቸው ነው። ከሌሎቹ ሚሲዮናውያን ጋር ከተማ ይዞራሉ። አሮጌውን ምሽግ አይተዋል፤ የሰዓቱ ማማ ላይ ወጥተዋል። ፎቶው ሁሉ ለእናቷ ይላካል።

ስለ ባለሉካንዳው ግን ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም።

ቤቱን ያንኳኩ ዕለት የከፈተው እሱ ነበር። በሩን የሚሞላ ሰውዬ ነው፤ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው የወረደ ጠባሳ አለው። ታላቋ ገና «እንደምን ዋሉ» ስትል ደረቷን ገፍትሮ ከደረጃው ወረወራት። እጇ ሲሰበር ተሰማ።

«ሁለተኛ እዚህ በር ላይ ባያችሁ ቅልጥማችሁን ነው የማደቀው!»

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ልጅቷ ከኋላው አንዲት ሴት አየች። ከንፈሯ አብጧል፤ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እህቱ ናት፤ ባሏ የሞተባት» አለቻት ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ። «የዚያን ቤት ነገር ተዪው ልጄ። እኛም ትተነዋል።»

ልጅቷ መተው አልሆነላትም። ባለሉካንዳው ሥራ ላይ ሲሆን በጓሮ በኩል ወዳለው መስኮት ትሄድ ጀመር። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ሴትየዋ ከውስጥ ቁጭ ብላ ድፍን ዳቦ በእጇ እየቦጨቀች ትበላለች።

«የሥጋ ሻጭ ቤት ቢላ ሲጠፋ አያስቅም?» አለቻት አንድ ቀን። «ሰብስቦ ሱቁ ቆለፈባቸው። ለእሷ ማንኪያ ይበቃታል ብሎ።»

«እጅዎን ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?»

«ከወንድሜ ጋር ተጣልተን።»

«ባለቤትዎስ?»

«እዚሁ ነው የሞተው፣ አልጋው ላይ፣ እንደተኛ። ደሙን ያጠበው ወንድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ቆልፎብኝ ይውላል።»

ልጅቷ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋች። «ለፖሊስ ልናገር?»

«ተይ የኔ ቆንጆ። ፖሊስ ከመጣ ማናችንም አንተርፍም። አንቺ ብቻ አውጪኝ።»

በዚያው ሰሞን ከቤቱ ጩኸት ተሰማ። ሳህን ተሰበረ፣ ወንበር ተገለበጠ፣ የሰውዬው ድምፅ እንደ በሬ አገሳ። በማግስቱ ባለሉካንዳው ጆሮው በፋሻ ተጠቅልሎ አጥንት ይከትፍ ነበር። ሴትየዋ ደግሞ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል። ልጅቷ ስታያት አለቀሰች።

ለታላቋ ስትነግራት «በሰው ቤት ነገር እጃችንን አናስገባም» ብላ የተጠገነ እጇን አሳየቻት። «እኔን አላየሽም?»

ሰኞ ደረሰ። ሌሎቹ ፏፏቴ ሊያዩ ሄዱ። ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች።

ባለሉካንዳው ምሳ ይዞ ሲመጣ ከደረጃው ሥር ሆና ጠበቀችው። በሩን ከፈተ፤ ከባዱን ጓጉንቸር ደፉ ላይ አስቀመጠ። ያኔ ሮጣ ወጣች።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ይልቀቋት!»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» ክንዷን ጨምድዶ ወደ ደረጃው ጎተታት። «ሂጂ ብዬሻለሁ፣ ሂጂ!»

ሴትየዋ ከውስጥ ጮኸች። ልጅቷ ክንዷን አስለቅቃ ጓጉንቸሩን ከደፉ ላይ አነሳች። በሕይወቷ ዝንብ እንኳ አልገደለችም። ጆሮ ግንዱን መታችው፤ አልወደቀም። ደግማ አፉን መታችው። ጥርሱ ደረጃው ላይ ተበተነ፣ እሱም በጉልበቱ ተንበረከከ። በሦስተኛው ተዘረጋ። እጇ ላይ የፈሰሰው ደም ይሞቅ ነበር።

የሴትየዋን እጅ ይዛ ሮጠች። የሚሲዮናውያኑ ክፍል እዚያው መንገድ ጫፍ፣ ፎቅ ላይ ነው። ገቡ፣ በሩን ቀረቀረችው፣ ቁም ሳጥኑን ጎትታ አስጠጋችበት።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ ከባድ፣ የሚንገዳገድ ኮቴ ተሰማ። በሩ በቡጢ፣ ከዚያም በትከሻ ተደበደበ። መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ሰውዬው ይጮሃል፤ አፉ ደም ስለሞላ ግን ቃሉ አይለይም።

«ሊገድለን ነው!» አለች ልጅቷ፣ ቁም ሳጥኑን በሁለት እጇ እየገፋች። «እትዬ፣ ይምጡ፣ ያግዙኝ!»

«መጣሁ የኔ ቆንጆ። አንቺ በሩን ያዢ» አለች ሴትየዋ ከማድቤቱ። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ።

ልጅቷ ግንባሯን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ባለ በሌለ ኃይሏ ገፋች። ከወዲያ በኩል ድብደባው ድንገት ቆመ። ሰውዬው ደሙን ተፋ፤ አፉንም የበሩ ስንጥቅ ላይ አደረገ።

«ልጄ፣ ክፈቺና ሩጪ! ጀርባሽን እንዳትሰጫት!»