ማር የመሰለ ዘይት

ፋርማሲስቷ አጥብቃ የምትጠላው ሁለት ነገር ነው፦ ፎርጅድ መድኃኒትና ሌባ መካኒክ። የመጀመሪያውን ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ታውቀዋለች። ሁለተኛውንም እንደዚያው አውቀዋለሁ ባይ ናት።

መኪናው አውሮፓ ሠራሽ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የእሳቸው የሆነ ነገር እጇ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ እንደ ልጅ ትሳሳለታለች። መንዳት ግን አትችልም። ፋርማሲዋ ከቤቷ ሦስት ደጃፍ አልፎ ስለሆነ ለመማርም አልቸኮለችም። የሚነዳው ባሏ ነው። የሚሠራበት የመድን ድርጅት ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ጧት ሁለት ሰዓት ሲሆን ከረባቱን አስሮ ይወጣል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይመለሳል። ሰዓታችሁ ቢቆም በእሱ መሙላት ትችላላችሁ።

አባቷ አንድ ነገር አስተምረዋት ነበር፤ እሑድ ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ማየት። ጎረቤቱ ሁሉ እንቅልፉን ሲጠግብ እሷ ነጭ ጨርቅ ይዛ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ትመዛለች።

ከሦስት ወር በፊት የባሏ መሥሪያ ቤት ድንገት ቸር ሆነና ዳጎስ ያለ ቦነስ ሰጠው። ከመድን ድርጅት እንዲህ ያለ ደግነት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሷም ዕድሉን ሳታሳልፍ ሞተር እያጠበ የሚሠራ የተባለለትን ውድ ዘይት ገዛች፤ ሁለቱም መኪናውን ይዘው ወደ ጋራዥ ሄዱ።

መካኒኩን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ፕሮፌሰር» እያለ ነው። የአውሮፓ መኪና ካልሆነ እጁን አያቆሽሽም፣ አንድ ብሎን ለማጥበቅም መጀመሪያ ትምህርት ይሰጣል።

«እህት ዓለም፣» አለ፣ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከጋሎኑ ጀርባ ካለው ጽሑፍ ጋር እያስተያየ፣ «ለዚህ ሞተር የተፈቀደ ነው፤ ጥሩ መርጠሻል። የአሥራ ስምንት ዓመት ጥላሸት አራግፎ ስለሚይዝ ቶሎ ይጠቁራል። ሲጠቁር እንዳትደነግጪ። ካልጠቆረ ነው የሚያስደነግጠው።»

ፋርማሲው የሚከፈትበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ጋሎኑ ሲከፈት ሳታይ ሄደች። ባሏ ቀረ። ፕሮፌሰሩ ፊልትሮውን ለወጠ፣ ዘይቱን ሞላ፣ እንደ ልማዱም መኪናው እስከዚያ ቀን የሄደውን ኪሎ ሜትር ቢጫ ካርድ ላይ ጽፎ ኮፈኑ ሥር አንጠለጠለ።

በመጀመሪያው እሑድ ዘይቱ ማር ይመስላል። በአራተኛውም ማር ነው። በአሥረኛው እሑድ ነጩን ጨርቅ ይዛ ቤት ገባች።

«አየኸው? በሽታውን የማያወጣ ምን መድኃኒት ነው! ይሄ ሰውዬ የኔን ዘይት ሸጦ ምኑንም ምኑንም ሞልቶበታል።»

«ተይው በቃ፣» አለ ባሏ። «ለዘይት ብለሽ ከሰው አትቀያየሚ።»

ባሏ ሰሞኑን ረጋ ብሏል። ድሮ እራት እስኪቀርብ ድረስ የመንገዱን መጨናነቅ ሲራገም ያመሽ ነበር። አሁን የሚያወራው ሬዲዮ ላይ ስለ ሰማው የንብ እርባታ፣ ስለ ኩላሊት ጠጠርና ስለ ሩቅ አገር ምርጫ ሆኗል። በመስኮት በኩል ያለውን ግራ ክንዱንም ፀሐይ በልቶታል፤ የሹፌር ነገር መቼስ ይታወቃል።

በዚህ መሐል ባትሪውም ሁለት ጊዜ ሞተ። ሁለቱንም ጊዜ ፕሮፌሰሩ መጥቶ አስነሣው። ፋርማሲስቷ ይህንንም ክስ መዝገቡ ላይ ጨመረች፦ ባትሪያችንንም ለውጦብናል። ባሏ ለሰውዬው ጥብቅና መቆሙ ደግሞ አልጣማትም። ዘይቱን ለሁለት ሸጠውት ይሆን እንዴ?

ቅዳሜ ጧት ባሏን እየጎተተች ወደ ጋራዡ አስነዳችው። አሥር ደቂቃ በሚፈጀው መንገድ ላይ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነዳ። ቅዳሜ መሆኑን ረስቶ ይሁን እንጃ፣ ከረባት አስሯል። ጋራዡ ሲደርሱም ከመኪናው አልወረደም።

ሦስት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ። ለእሷ ይህ ደግ አጋጣሚ ነበር።

«ይሄ ሞተር ቢቃጠል ምን ትመልስልኛለህ? ከአባቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው!» «ዛሬ ካላመንክ፣ የአውሮፓ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ነገ ጉድህን ይሰማል!»

ፕሮፌሰሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እኔን? አባትሽን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳገለግል አንድ ቀን እንኳ ስሜ በክፉ አልተነሣም!» ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘንጉን መዘዘ፣ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ አሸተተው። «ይሄ እኮ ራሱ ያመጣሽው...»

ዓይኑ ቢጫው ካርድ ላይ አረፈ። አንብቦት ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄደና አጎነበሰ።

«ቁልፉን እስቲ አንዴ ክፈትልኝ።»

ባልየው ቁልፉን አዞረ። ዳሽቦርዱ በራ፤ ሬዲዮውም አብሮ ወሬውን ቀጠለ። ፕሮፌሰሩ ዳሽቦርዱን አየ፣ ከዚያ ባልየውን አየ። ባልየው መሪውን ያያል። ከረባቱን ያላላል።

መካኒኩ ከሚገባው በላይ እንዳጎነበሰ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ያ ሁሉ ፕሮፌሰርነቱ አብሮት አልነበረም።

«እውነትሽን ነው፣ እህት ዓለም። ዘይቱን ለውጬዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ።»

ከሦስቱ ደንበኞች አንዱ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለው።

ፋርማሲስቷ እንዲህ ቶሎ ያምናል ብላ አልጠበቀችም ነበር፤ ደስታዋ ወሰን አጣ። «ነውረኛ!» አለችውና ወደ ባሏ ዞረች። «አላልኩህም?»

«ብለሻል፣» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ለአባቷ መኪና እንዲህ ማዘኑ ልቧን ነካት።

ፕሮፌሰሩ ኮፈኑን ከመዝጋቱ በፊት ቢጫውን ካርድ በጥሶ ኪሱ ውስጥ ጨመደደው።

ካርዱ ላይ ከሦስት ወር በፊት የተጻፈው ኪሎ ሜትር 181,240 ነበር፤ ዳሽቦርዱ ላይ የበራው 181,259።