ወደ ላይም ይሄዳል

«ልብስ ሰፊው፣ አዲሱ» ታነባለች ልጅቷ ከእናቷ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር፣ ሳሎን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ። «ሐኪም፣ የማታ ተረኛ። መጋዘን ጠባቂው።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራላታል?» ይላል አባቷ ከወንበሯ ኋላ ቆሞ። «ቀጥይ፣ ቧንቧ ሠሪውን ነው የምፈልገው።»

እናት ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ነው። ማጠቢያው ከሥሩ ያፈሳል፤ ባልዲ ደቅናበታለች። ሰውየውን የመዘገበችው «የቧንቧው ሰውዬ» ብላ ስለሆነ በፊደል ተራ ከመጨረሻው አካባቢ እንደሚገኝ ታውቃለች። ትንሽ ይድከሙ ብላ ዝም ብላለች።

የድሮ ስልኳን ግድግዳ ላይ የፈጠፈጠው ባሏ ነው፤ አዲሱን የገዛላትም እሱ ነው። ልማዱ ነው፣ ሰብሮ ይገዛል። የሚሰብረው ስልክ ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር። ደግነቱ የሰው ቁጥር ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ ልጅቷ ትናንት በእናቷ አካውንት ገብታ አንድም ሳይቀር ወደ አዲሱ ስልክ አወረደችላት። «ክላውድ ላይ ነው ያሉት እማዬ፣ ደመና በይው» አለቻት። «ደመና ከሆነማ ይዘንብልኛላ!» ብላ ሳቀች እናት። እውነትም ስሞቹ ተራ በተራ ወረዱላት።

«ባለቀይ ጫማዋ» ታነባለች ልጅቷ።

«እሷ ደግሞ ማናት?»

«የእማዬ የሥራ ባልደረባ መሰለችኝ።»

እናት ክው ትላለች። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ባለቀይ ጫማዋን የመዘገበቻት ዛሬ ቀን ነው፤ ከምትሠራበት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ አንሶላ እያጠፉ ሲያወሩ፣ በአዲሱ ስልኳ ላይ። ኮምፒውተሩን በእጇ አልነካችውም። ከደመና የሚወርድ እንጂ የሚወጣ ነገር አለ ብላ መች አሰበች? ለካ ወደ ላይም ይሄዳል፤ ስልኳ ላይ የጻፈችው ሁሉ ዞሮ ሳሎኗ ገብቷል።

ባለቀይ ጫማዋ ደግሞ የሰጠቻት የራሷን ቁጥር ብቻ አይደለም። «አከራይዋ ሴትዮ» ብላ የመዘገበችው ሌላም አለ። ከሥሩ ማስታወሻ ጽፋለታለች፤ «አንድ ክፍል፣ ለአንድ ሰው። ነገ ጠዋት መልስ።» ስልኩ ያለ እኔ አውራ ጣት አይከፈትም ብላ ተማምና ነው እንዲህ አፍ አውጥታ የጻፈችው።

ልጅቷን አይነካትም፣ የዓይኑ ብሌን ናት። እኔ ልቅደም፣ እሷ ትምህርቷን ትጨርስ፣ ከዚያ እወስዳታለሁ። ይህን ለራሷ ደጋግማ ብትነግርም ሆዷ ግን አልቀበል ብሏታል።

«ተላላኪው» ትላለች ልጅቷ። «ነርሷ፣ የላይኛው ፎቅ።»

ከዚህ በኋላ «አ» ነው።

«እኔ ጋ አለ!» ትጮኻለች እናት። «እኔ እደውልለታለሁ፣ ተዉት!»

«አንቺ ዕቃሽን እጠቢ። እዚሁ እናገኘዋለን።»

ስልኩን ከመደርደሪያው ታነሳና አውራ ጣቷን ትጭናለች። አይከፍትም። ጣቷ ርጥብ ነው፣ ውሃና ሳሙና ሽብሽብ አድርጎታል። በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ትጭናለች። እንቢ። የምስጢር ቁጥር አስገቢ ይላታል፤ ትናንት ያወጣችውን ቁጥር ድንጋጤው ከአእምሮዋ አጥፍቶባታል።

ሳሎን ልጅቷ ማንበብ አቁማለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ምንም አባዬ። ዓይኔን ደከመኝ።»

«ምን አይተሽ ነው? ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ።»

ኮቴው ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። እናት ጣቷን እፍ እፍ ብላ አድርቃ ትጭናለች፤ ስልኩ ይከፈታል። የአከራይዋን ገጽ ታገኛለች። «አጥፋ» የሚለውን ስትነካ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከሁሉም መሣሪያ ላይ ይጠፋል ይላል። ቁጥሩን በቃሏ አልያዘችውም። ካጠፋችው ክፍሉም አብሮ ሊጠፋ ነው። ካላጠፋችው ደግሞ ኮቴው እየተመለሰ ነው።

ያኔ፣ ዓይኗ እያየ፣ ስሙ ይለወጣል። እሷ ምንም አልነካችም። «አከራይዋ ሴትዮ» የነበረው «አስጠኚዬ» ይላል።

«እስቲ ዞር በይልኝ» ይላል አባት ሳሎን። «አስጠኚዬ። ይቺ ደግሞ ማናት?»

«የሒሳብ አስጠኚዬ ናታ አባዬ! ረሳሃት እንዴ?»

ድምጿ ንቅንቅ አይልም። እናት ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ፊቷ ያበጠ ጊዜ ለጎረቤት በር መታኝ የምትልበት የራሷ ድምፅ ነው። ልጇ ከማን እንደተማረችው ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

«ቀጥይ።»

ስሞቹ ይቀጥላሉ፤ አክስት፣ ወተት አመላላሽ፣ የሰርቪሱ ሹፌር። «ይኸው ተገኘ!» ትላለች ልጅቷ በመጨረሻ። «የቧንቧው ሰውዬ!»

«ቧንቧ ሠሪ እዚህ ድረስ ተወርዶ ይፈለጋል? የሷ ነገር!» አባት ይስቃል። ይደውልለትና ስለ ማጠቢያው በትህትና ያስረዳል። ዛሬ ደህና ቀኑ ነው።

እናት ስልኩን እንደያዘች ከባልዲው አጠገብ ትቀመጣለች። ልጄ ደረሰችልኝ ትላለች በልቧ። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ይገባታል። ስሙን ለመለወጥ ገጹን መክፈት ያስፈልጋል፤ ገጹን የከፈተ ማስታወሻውን ያያል። ለአንድ ሰው የሚለውን። እፍረት ፊቷን ያቃጥላታል። ነገ ልጇን ምን ብላ እንደምታያት አታውቅም።

ጽሑፉን በሌላ ልትለውጠው ገጹን ወደ ታች ትስበዋለች። እሱም ተነክቷል።

«አንድ ክፍል፣ ለሁለት ሰው። ነገ ጠዋት መልስ።»