ግማሽ በር

የጋሽ ሁንዴን ድረ ገጽ ልታስተካክል ሱቃቸው የመጣችው ሌሊሴ ላፕቶፑ ላይ የወጣውን ስህተት ሁለቴ አነበበች። ጎግል የድረ ገጹን ካርታ፣ ፈላጊ እንዲያገኘው የሚረዳውን የገጾች ዝርዝር፣ ሊያነብ መጥቶ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ተመልሷል። ጋሽ ሁንዴ ዘነበወርቅ ሰፈር ለታመመ እግር ልዩ ጫማ ይሰፋሉ፤ ገጹ ደንበኛ ካላመጣላቸው ሱቁን ሊዘጉ ነው።

“ማነው በይለፍ ቃል ያስቆለፈው?”

“እኔ ነኝ” አሉ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ። “ዲዛይኔን እየቀዱ አስቸገሩኝ። የማላውቀው ሰው እንዳይገባ አድርገህ ዝጋልኝ አልኩት የሠራውን ልጅ።”

“አዲስ ደንበኛም እኮ የማያውቁት ሰው ነው፣ ጋሼ።”

መርፌው ቆመ። ሌሊሴ የይለፍ ቃሉን አጥፍታ ካርታውን እንደገና ለጎግል ላከች፤ አሁን ተነበበ። ጋሽ ሁንዴ ተነሡና፣ ሌባ ፈርተው ዘግተውት የኖሩትን የሱቁን ግማሽ በር ከፈቱ።

“ማን ሊመጣ ነው?” አለቻቸው።

“የማላውቀው ሰው።”