የተለወጠው ቁልፍ

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ የጉና ጭጋግ ከደብረ ታቦር አልተነሣም ነበር። አንዷለም መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛው ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት አንዲት አጭር ማስታወቂያ አነበበ፦ የትዕግሥት ቁልፍ ተለውጧል።

ትዕግሥት ታናሽ እኅቱ ናት። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ እርሱ ለእርሷ፣ እርሷም ለእርሱ ብቻ ቀርተዋል። ሪያድ ከሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዎች የሠራተኛን ስልክ እንደሚፈትሹ የሰማ ጊዜ፣ ሦስተኛ ሰው መልእክታቸውን የማያነብበት፣ አሠራሩም ለመረመረው ሁሉ ክፍት የሆነ መተግበሪያ ጭኖላት ነበር። «መልእክትሽን የሚቆልፈው ቁልፍሽ ከተለወጠ ወይ አዲስ ስልክ ገዝተሻል፣ ወይ በስምሽ የሚጽፍ ሌላ ሰው ነው» ብሎ አስተምሯታል። ለመስቀል ሥራውን ጥላ ወደ አገሯ ልትመለስ የመከሩትም በዚያው ነው። አሠሪዋ ያን ምክር ቢያነብብ ፓስፖርቷን ይዞ እንደሚያስቀራት ሁለቱም ያውቃሉ።

«አዲስ ስልክ ገዛሽ?» ብሎ ጻፈላት።

«አዎ ወንድሜ፤ የድሮው ተሰበረብኝ» የሚል መልስ መጣ።

ትዕግሥት «ወንድሜ» ብላው አታውቅም። በመልእክቷ መጨረሻ ሁልጊዜ የክርስትና ስሙን ትጽፋለች። እናታቸው «የልጄ የክርስትና ስም በባዕድ አፍ እንዳይገባ» ብላ አደራ ስላለች፣ ከእኅቱና ከነፍስ አባታቸው ከመምሬ ጌጡ በቀር ያን ስም የሚያውቅ የለም።

ደወለ፤ አልተነሣም። «ድምፄ ተዘግቷል፤ በጽሑፍ እናውራ» የሚል መልእክት ብቻ ደረሰው። ሪያድ ከትዕግሥት ጎረቤት ቤት ለምትሠራው የይፋግ ልጅ ለዙለይካ ደወለ።

«ደኅና ናት፤ እዚሁ አጠገቤ ናት» አለችው ዙለይካ። ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም፤ ትንፋሿ ይሰማው ነበር።

አንድ ሰው ከዙለይካ አጠገብ ቆሞ የምትናገረውን እያዘዛት እንደሆነ አንዷለም አልተጠራጠረም።

የሥራ ባልደረባው ሙላቴ ዝናብ ያራሰውን ጃንጥላ እያራገፈ ገባ። በሌላ ቀን ቢሆን ገና ከደጅ፦ «ዊንዶውስ የጫነው ሰው ሥራውን ጨርሶ ጠላውን ይጠጣል፤ አንተ በሊኑክስህ ማተሚያውን ስትለማመጥ ይመሽብሃል» ባለው ነበር። አንዷለም ፌስቡክ ከፍቶ ስለማያውቅ ደግሞ፦ «ከዓለም ስትደበቅ ዓለምም አንተን ይደበቅሃል» ይለዋል። ዛሬ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ያ መምህር ለጥገና ያመጣውን ላፕቶፕ እኔ ልጨርስልህ፤ ሊኑክስም ቢሆን እጭናለሁ» አለው።

«አንተ? ምን ነካህ?»

«ምን ይነካኛል፤ ዕረፍ ብዬ ነው።»

አንዷለም ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ የትዕግሥትን የቆየ የድምፅ መልእክት ከፈተ፤ የእኅቱን ትክክለኛ አነጋገር ከአዲሱ ጽሑፍ ጋር ሊያስተያይ አስቦ ነበር። ሳቋ ጠባቧን ክፍል ሞላው። ሙላቴ ጃንጥላውን ጥሎ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ለመስቀል የመከሩትን ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ ሙላቴ ብቻ ነበር። ጓደኛው ምክሩን ሪያድ ለላካት ደላላ ነግሮ እኅቱን እንደሸጣት ያን ጊዜ ታየው።

ሊከተለው ሲወጣ ጎረቤቱ ፈንታነሽ ከሁለት ሴቶች ጋር ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልላ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሳለች። ባየችው ጊዜ ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው።

«ፌስቡክ ላይ ምን መጣ?» አላት።

«ምን ይመጣል፣ ወሬ ነው! ደሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ፌስቡክ የምትጠይቀው?» አለችው። ሴቶቹ ግን አልሳቁም።

ከቀትር በኋላ ወደ መምሬ ጌጡ ወጣ። መምሬ በነፃ ስለሚታደለው ስለ ሊኑክስ በነገራቸው ጊዜ ሁሉ፦ «በዜማ ቤት ተማሪ የመምህሩን ዕውቀት በነፃ ወስዶ ለሌላው ያስተላልፋል፤ ፈረንጅ ይህን አሁን ገና ነው የደረሰበት?» እያሉ ይስቁ ነበር። ዛሬ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አዳመጡት።

«መምሬ፣ እኅቴን ይዘዋታል። የምትጽፍልኝ እርሷ አይደለችም። የክርስትና ስሜን ጻፊልኝ ብላት ራሴን አሞኛል ብላ ዘለለችው። ዛሬውኑ ተነሥቼ አዲስ አበባ ሄጄ አመለክታለሁ።»

«እህል ቀምሰሃል?»

«አይወርድልኝም። እንቅልፍም የሚወስደኝ አይመስለኝም።»

«እንግዲያስ በዚህ ሁኔታ አትሄድም። ብላና ተኛ። ነገ ማለዳ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

«መምሬ፣ እኅቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት፤ «ያጠመቅኋት እኔ ነኝ።»

ከቅጥሩ ሲወጣ ሙላቴ በሌላው በር ሲገባ አየው። ሊጠራው ሲል ጭጋጉ ሸፈነው።

ሲመሽ ፈንታነሽ ሳይጠይቃት ዶሮ ወጥ ይዛለት መጣች። «ሳትበላ አልወጣም» ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አንዷለም ገበታውን ገፋ። ያን ጊዜ ስልኩ በራ።

«ወልደ ሰንበት፣ አይዞህ፤ ደኅና ነኝ። ብላና ተኛ።»

ደጋግሞ አነበበው። የእርሱ ስም ነው። ያን ስም ሊጽፍ የሚችል ሌላ ማን አለ? ቁልፉም ስልክ ስለ ቀየረች ተለወጠ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ሙላቴንም በከንቱ ጠርጥሮታል።

«እርሷ ናት!» አለ ዕንባው እየወረደ፤ «እኅቴ ናት እኮ!»

ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እርሱ ግን እጁን ታጥቦ እስኪጠግብ በላ፤ እንደ ሕፃንም ተኛ።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። መምሬ ጌጡ ቃላቸውን ጠብቀው እንደ መጡ ዐወቀ። የምሥራቹን ሊነግራቸው ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ፈገግ እንዳለ፣ መወርወሪያውን ሳበ።

ከመምሬ ጌጡ ጀምሮ ደጁን የሞላው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ነበር።